አንድ መብራት፣ ሁለት ቃል

ከዛካቴካስ ወጥቼ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣
አራት ቀፎ ንብ ጭኜ፣ ፒካፔ እያቃሰተች፣
አንድ ከባድ መኪና ፊቴ ተገተረ፤
ቦሎቄ የጫነ፣ ሸራው የታሰረ፣
ዳገት የሰለቸው፣ ጭሱ የጠቆረ።
ከኋላ ጎማው በላይ፣ በነጭ ቀለም፣ ተጽፏል እንዲህ ሲል፦
«እኔን የምትጠብቅ አለች። አንተንስ ማን ይጠብቅሃል?»

አባቴ ኤውስቶሊዮ፣ ነፍሱን ይማርና፣
መንዳት ሲያስተምረኝ በዚሁ ጎዳና፣
«ኦብዱሊያ» ይለኝ ነበር፣ «ጅራቱን አታሽቺው፤
ተጠግተሽ ተጠግተሽ መንገዱን አታጥፊው።
ራቅ በይ። ራቅ በይ። እስኪያንስልሽ ድረስ።
ግዙፍ የሚባል ሁሉ ሲርቁት ነው የሚያንስ።
መስመሩ ሙሉ ነው? ምክንያት አለው፣ ቁጭ በይ።
ተቆራርጧል? ፈቃድ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፣ እዪ።
መስታወት ያያል፣ ግን ሁሉን አይናገርም፤
አንገትሽን አዙሪ፣ ማዞር አያሳፍርም።
ከሩቅ የምታዪው፣ ያ ዝንብ የመሰለው፣
አንቺ ስትቆጥሪ፣ እሱም እግር አለው።»

ተከተልኩት። አሥር ኪሎ ሜትር። ሃያ።
ንቦቼ ሙቀት ጠልተው ያጉረመርማሉ፤
«ነፋስ! ነፋስ!» ይላሉ።

ያኔ ነው የግራ መብራቱ የበራው።
ብልጭ። ጥፍት። ብልጭ።

እዚህ አገር፣ በዚህ አስፋልት፣ ባለ ከባድ መኪና
ይህን መብራት ለኋላ ሰው ያበራል፣ ደግ ነውና፤
«ፊቴ ባዶ ነው፣ ሂድ» ማለቱ ነው።
ግን ያው መብራት፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ምት፣
«ወደ ግራ ልታጠፍ ነው» ማለትም ነው፣
የሕጉ መጽሐፍ እንደሚለው።
ሰሙ መታጠፍ፣ ወርቁ እለፍ?
ወይስ ሰሙ እለፍ፣ ወርቁ እረፍ?
በጨዋታ መሃል ፍቺ የሳተ ይሳቅበታል፤
እዚህ የሳተ ግን፣ ከመንገዱ ዳር መስቀል ይተከልለታል።

እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር። ነበር፣ አልዋሽም።
ግን ጭሱ ሲሳሳ አየሁ።
በግራ በኩል ሁለት የድንጋይ ምሰሶ አየሁ፣
በመካከላቸው የአቧራ መንገድ፣ የተኛ ውሻ፣
ውሻውም ጎማውን አውቆት ሲነሳ።
እግሬን አነሳሁ።

ወዲያው ከኋላዬ ቀይ ትንሽ መኪና፣
ክላክሷን እየነፋች፣
ሁለታችንንም በአንድ ትንፋሽ ልታልፍ ወጣች።
ከባዱም ታጠፈ።

ጎማ ጮኸ። ሸራው ተንገዳገደ።
ቀይዋ ከአስፋልቱ ወርዳ፣ የቃጫ ማሳ ሰንጥቃ፣
እሾህ መሃል ቆመች፣ አንድ ዓይኗ በርቶ።

ማንም አልሞተም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤
ሌሎች ቀኖች አሉና።

ሹፌሩ ወረደ፣ ሽማግሌ፣ ቦርጫም።
ይሳደባል ስል ውሃ ይዞ ሄደ።
ልጁ፣ ኤሪቤርቶ ነው ስሙ፣ ጠርሙሱን መያዝ አቃተው፤
ሽማግሌው እንደ ሕፃን አገጩን ደግፎ አጠጣው።
«እለፍ ያልከኝ መስሎኝ…» አለ።
«ሠላሳ ዓመት ስል ኖሬያለሁ» አለ ሽማግሌው፤
«ዛሬ ግን ቤቴ ደርሼ ነበር።»
ወደ ምሰሶዎቹ ዞርኩ።
አንዲት ሴት ቆማለች፣ መዳፏ አፏ ላይ፣
የምትጠብቀው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ከባድ አገኘሁ፣
ሜዳ ላይ፣ መንገዱ እንደ ክር የተወጠረበት።
እሱም አበራልኝ፤ ብልጭ፣ ጥፍት።
አመሰገንኩት፣ ግን አላመንኩትም፤
ማመስገንና ማመን ለየቅል ናቸው።
ራቅሁ። ቆጠርኩ። ምሰሶ ፈለግሁ። ውሻ ፈለግሁ።
አንገቴን አዞርኩ። ከዚያ ወጣሁ፣ ሳላቅማማ፣
ግማሽ ልብ ሆኖ ማለፍ ካለማለፍ ይብሳልና።
ሁለቱም የፊት መብራቶቹ መስታወቴ ውስጥ
ጎን ለጎን እስኪቆሙ ድረስ ወደ ቀኝ አልተመለስኩም።

ኮንሴፕሲዮን ዴል ኦሮ ስገባ
አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይቼ ነበር።
የቀፎዎቹን በር ከፈትኩ።
ንቦቹ ወጡ፣ አንድ ባንድ፣
ማንም ማንንም ሳይገፋ።